ክሮም የተለበጡ የመኪናና የእርሻ መሣሪያ ክፍሎች በጨዋማ የባሕር አየር እንዳይዝጉ ስለ መጠበቅ

መኪናና ትራክተር ወደ አንድ ወረዳ የሚገቡት በብዙ ገንዘብ ነው። ገንዘቡም ከሕዝብ ግብር ወይም ባለ እርሻው ለብዙ ዘመን ካጠራቀመው ሀብት የወጣ ስለ ኾነ፥ በሚገዛበት ጊዜ የተደረገው ጥንቃቄ በአያያዙም ጊዜ ሊደረግለት ይገባል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ እንደሚታየው፥ ሞተሩና ጎማው ሲጠበቅ፥ እንደ መስተዋት የሚያበራው ክሮም የተለበጠው ክፍል «ይህ የማይዝግ ነው» እየተባለ ይተዋል። ይህ አሳብ ትክክል አይደለም። ክሮም የተለበጠ ብረት ይዝጋል፤ ዝገቱም የሚጀምረው ከሚያበራው ፊት ሳይኾን ከሥሩ ነው። ላዩ አምሮ ውስጡ ሲበላሽ «ውስጡን ለቄስ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ጉዳዩም የጌጥ ብቻ አይደለም። የመኪና ፓራውልት ቢዝግ ጉዳቱ መልክን ማበላሸትና የብረቱን ዕድሜ ማሳጠር ነው። የትራክተርንና የኮምባይነርን ማንሻ የሚገፉት የሃይድሮሊክ ዘንጎች ግን እነርሱም ክሮም የተለበጡ ናቸው። በነዚህ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የምታኽል አንዲት የዝገት ጕድጓድ ብትፈጠር፥ ዘንጉ በወጣና በገባ ቍጥር ዘይቱን የሚያግደውን የጎማ ቀለበት ትልጠዋለች። ዘይቱ ይፈሳል፤ ማንሻው ኀይል ያጣል፤ መሣሪያውም በዘር ወይም በአጨዳ ወራት ሥራውን ትቶ ይቆማል። የደረሰ ስንዴ በማሳው ላይ ሳለ የሚመጣ ዝናብ ደግሞ መለዋወጫ ዕቃ እስኪደርስ ድረስ አይታገሥም።

ስለዚህ የክሮም ሽፋን ምን እንደ ኾነ፥ ጨው እንዴት እንደሚያጠፋው፥ በምንስ መንገድ ሊጠበቅ እንደሚቻል ከዚህ በታች ተራ በተራ ተገልጧል።

1ኛ፤ ስለ ክሮም ሽፋን

ክሮም ብር የሚመስል መልክ ያለው፥ እጅግ ጠንካራ የኾነ ማዕድን ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1797 ሉዊ ኒኮላ ቮክላን የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ከሳይቤሪያ በመጣ ቀይ ድንጋይ ውስጥ አገኘው። ከሌላ ነገር ጋር ሲዋሐድ ልዩ ልዩ ቀለም ስለሚያሳይ፥ ስሙ ቀለም ከሚለው የግሪክ ቃል ተወሰደ። አውቶሞቢሎችን በክሮም መለበጥ የተስፋፋው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1920 እስከ 1930 ባለው ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ለጌጥ የሚለበጠው ኒኬል ነበረ፤ ኒኬል ግን አየር እየነካው ስለሚደበዝዝ ዘወትር መወልወል ያስፈልገው ነበር።

ፓራውልት፥ የበር እጀታ ወይም የመብራት ዙሪያ ሲለበጥ፥ ክሮሙ ብቻውን በብረቱ ላይ አይደረግም። አስቀድሞ ብረቱ ተፍቆ ይለሰልሳል፤ ከዚያም ብዙ ጊዜ መዳብ፥ ቀጥሎም ኒኬል፥ በመጨረሻ ክሮም በኤሌክትሪክ ኀይል ይለበጥበታል። የኒኬሉ ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 40 ማይክሮን ይኾናል፤ ማይክሮን ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ከሺሕ ተከፍሎ አንዱ እጅ ነው። ከላይ የሚታየው ክሮም ግን ግማሽ ማይክሮን ያኽል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። የአንድ ሰው ጠጕር ውፍረት ከመቶ ቢከፈል ክሮሙ አንዱን እጅ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ብረቱን ከውሃና ከአየር የሚጋርደው ዋናው ጋሻ ኒኬሉ ነው፤ ክሮሙም በበኩሉ ኒኬሉን ከመደብዘዝና ከመጫር ይጠብቃል።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚኾን አለ። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ፥ ይኸውም በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1950 እስከ 1953፥ ኒኬል ለጦር መሣሪያ ስለ ተፈለገ በአሜሪካ አገር ለመኪና ጌጥ የሚውለው እንዲቀነስ ተደርጎ ነበር። በዚያን ጊዜ ከተሠሩት መኪናዎች የብዙዎቹ ሽፋን ቶሎ መበላሸቱ የታወቀ ነው። ላዩ ያው የሚያበራ ክሮም ሳለ፥ ከሥሩ ያለው ጋሻ ስለ ሳሳ ብረቱ ተበላ። ስለዚህ ብልጭታውን ብቻ አይቶ ስለ ብረቱ ደኅንነት መፍረድ ስሕተት ነው።

የሃይድሮሊክ ዘንግ አሠራር ከዚህ ይለያል። በርሱ ላይ ክሮሙ ወፍራም ኾኖ፥ ብዙ ጊዜ ከ20 ማይክሮን በላይ፥ ኒኬል ሳይገባበት በቀጥታ በብረቱ ላይ ይለበጣል። ይህ የሚደረገው ዘንጉ መፋተግን እንዲችል ነው። መፋተግን ቻለ ማለት ግን ጨውን ቻለ ማለት አይደለም።

2ኛ፤ ጨው እንዴት እንደሚያጠፋ

ክሮም ራሱ እንደ ብረት አይዝግም። አየር በነካው ጊዜ በዐይን የማይታይ እጅግ ስስ የኾነ ቆዳ ያበጃል፤ ያም ቆዳ ማዕድኑን ይጠብቀዋል። ነገር ግን የክሮም ሽፋን በበጋ እንደሚሰነጣጠቅ የመረሬ መሬት ጥቃቅን ስንጥቆችና ቀዳዳዎች አሉት። ከመንገድ የሚፈናጠር ጠጠርም ይጨምርበታል። ጨዋማ እርጥበት በነዚህ በኩል ገብቶ ኒኬሉን እየቦረቦረ ወደ ብረቱ ይደርሳል።

የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያኽል ጨው ይዟል። ማዕበሉ ሲሰበር ጥቃቅን ነጠብጣብ ወደ አየር ይወጣል፤ ነፋሱም ወደ የብስ ይነዳዋል። ውሃው ሲደርቅ ጨው በመኪናው ላይ ይቀራል። ከባሕሩ ዳር በተራቀ ቍጥር የሚያርፈው ጨው ፈጥኖ ይቀንሳል፤ ነፋስ ሲበረታ ግን ብዙ ኪሎ ሜትር ድረስ ሊሄድ ይችላል።

ይህ ጨው ሦስት ዓይነት ጉዳት ያደርሳል። የመጀመሪያው፥ ውሃን ከአየር መሳቡ ነው። የገበታ ጨው የአየሩ እርጥበት ከመቶ 75 እጅ በደረሰ ጊዜ ውሃ ስቦ ይሟሟል፤ በባሕር ጨው ውስጥ ያለው የማግኒዚየም ክሎራይድ ግን ከመቶ 33 እጅ በሚያኽል እርጥበት እንኳ ይሟሟል። ስለዚህ ዝናብ ባይዘንብም ጨው ያለበት ብረት እርጥብ ኾኖ ይውላል፤ እርጥብም ኾኖ ያድራል። ኹለተኛው፥ ጨዋማ ውሃ የኤሌክትሪክን ኀይል በደንብ ማስተላለፉ ነው። ዝገት በብረቱ ላይ በሚሄድ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኀይል የሚሠራ ስለ ኾነ፥ ጨው መንገዱን ይጠርግለታል። ሦስተኛው፥ ክሎራይድ የተባለው የጨው ክፍል ኒኬሉን የሚጠብቀውን ስስ ቆዳ እየበሳ ጕድጓድ መቈፈሩ ነው። የቈላ ሙቀት ደግሞ ይህን ኹሉ ያፋጥነዋል።

እዚህ ላይ የቤት ቆርቆሮን ማነጻጸር ነገሩን ግልጥ ያደርገዋል። የቤት ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ዚንክ ስለ ብረቱ ራሱን አሳልፎ የሚሰጥ ማዕድን ስለ ኾነ፥ ቆርቆሮው ጥቂት ቢጫር አስቀድሞ የሚበላው ዚንኩ ነው፤ ብረቱ ለጊዜው ይድናል። ኒኬልና ክሮም ግን እንዲህ አያደርጉም። እነርሱ እንደ ቅጥር ናቸው፤ ቅጥሩ እስካልተነደለ ድረስ ይጠብቃሉ። አንድ ቦታ በተነደለ ጊዜ ግን ስለ ሽፋኑ የሚበላው ብረቱ ራሱ ይኾናል፤ በዚያች ጠባብ ቦታም ዝገቱ ፈጥኖ ወደ ውስጥ ይጠልቃል። በፓራውልት ላይ የታየች ትንሽ ቀይ ነጥብ ቸል መባል የማይገባት በዚህ ምክንያት ነው።

3ኛ፤ የባሕር ጨው ወደ ደጋ መውጣቱ

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከኾነች ወዲህ ኢትዮጵያ የራሷ የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ የደጋው አገር ሹም «የባሕር አየር ለእኛ ምናችን ነው» ይል ይኾናል። ነገር ግን ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ አገር ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ዕቃ አብዛኛው የሚመጣው በጅቡቲ ወደብ ነው። ማዳበሪያ የሚያመላልሱ የጭነት መኪናዎች ወደዚያ ይወርዳሉ። በመርከብ የመጡ ትራክተሮችና ኮምባይነሮችም ተጭነው እስኪሄዱ ድረስ በወደቡ ሜዳ ላይ ይቆያሉ። የጨው አገርም የባሕር ዳር ብቻ አይደለም። በአፋር ክልል በአፍዴራ ሐይቅ ዳር ጨው ስለሚመረት፥ ወደዚያ የሚሄድ መኪና ኹሉ ጨው ለብሶ ይመለሳል። ከማዳበሪያም መካከል እንደ ፖታሲየም ክሎራይድ ያሉት ጨዎች ናቸው፤ ብናኛቸው በመኪናና በመዝሪያ መሣሪያ ላይ ሲቀር የባሕር ጨው የሚሠራውን ይሠራል።

መኪናው ከጅቡቲ ተነሥቶ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ወዳለው ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ፥ ጨው በመንገድ ላይ አይረግፍም። በፓራውልቱ ጀርባ፥ በብሎኖቹ ሥር፥ በመብራቱ ዙሪያና ብረት ከብረት በተጋጠመበት ቦታ ኹሉ ተደብቆ አብሮ ይወጣል። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለ ኾነ ጨው እንደ ተኛ ይቈያል። ክረምት ሲገባና አየሩ ሲረጥብ ግን ይነቃል፤ ውሃም ስቦ ሥራውን ይጀምራል። በጥር ወር ወደብ ደርሶ የተመለሰ መኪና በሐምሌ ወር ዝገት ሊያሳይ የሚችለው ስለዚህ ነው። ነጂውም ዝገቱን የክረምቱ ዝናብ ያመጣው ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ዝናብ የመኪናውን ፊት ያጥበዋል፤ ጨው የተሸሸገበትን ጀርባውን ግን አያጥበውም፤ እርጥበት ብቻ ይጨምርለታል።

ከዚህ የተነሣ ዋናው ትእዛዝ አንድ ነው፤ ጨው ከመኪናው ጋር ወደ ወረዳው እንዳይገባ ማድረግ።

4ኛ፤ ስለ ማጠብና ስለ ማድረቅ

ከወደብ ወይም ከጨው አገር የተመለሰ መኪና በተመለሰበት ቀን፥ ቢዘገይ በማግሥቱ ሊታጠብ ይገባል። ሥራውም እንደሚከተለው ይፈጸማል።

ሀ) ውሃው ጨዋማ ያልኾነ ንጹሕ ውሃ ይኹን። በቈላው አገር አንዳንድ የጕድጓድ ውሃ ጨው አለበት፤ በርሱ ማጠብ ጨውን በጨው መተካት ነው።

ለ) መኪናው በጥላ ሥር ቆሞ ብረቱ እስኪበርድ ድረስ ይጠበቅ። በጋለ ብረት ላይ የፈሰሰ ውሃ ሳይታበስ ስለሚደርቅ፥ በውስጡ ያለውን ጨውና ኖራ በብረቱ ላይ ትቶ ይሄዳል።

ሐ) አስቀድሞ ውሃ ብቻ በብዛት ይፍሰስበት። አሸዋውና ጨው ሳይወርድ በጨርቅ ማሸት ክሮሙን መጫር ነው።

መ) ከዚያ በኋላ በለዘብተኛ ሳሙናና በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ይታጠብ። ብርቱ የልብስ ዱቄት ሳሙና ተቀብቶ የነበረውን ሰም ያወጣዋል። በረኪና ግን ፈጽሞ አይነካው፤ በርሱም ውስጥ ክሎራይድ ስላለ ጕዳቱ ከባሕር ጨው የሚያንስ አይደለም።

ሠ) የፓራውልቱ ጀርባ፥ የቸርኬው ውስጥና የብሎኖቹ ዙሪያ በትንሽ ለስላሳ ብሩሽ ይጸዳ። ውሃ እንዲወርድባቸው የተበጁት ቀዳዳዎች በጭቃ ተደፍነው እንደ ኾነ ይከፈቱ።

ረ) ሳሙናው በንጹሕ ውሃ ተለቅልቆ ይውጣ፤ ክሮሙም ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይታበስ። ማጠብ ያለ ማድረቅ ግማሽ ሥራ ነው።

ውሃ ብርቅ በኾነበት ወረዳ ይህ ትእዛዝ ይከብዳል የሚል ይኖራል። በርግጥም የሰውና የከብት መጠጥ ለመኪና ማጠቢያ መዋል አይገባውም። ነገር ግን መኪናውን በሙሉ ማጠብ ባይቻል፥ ክሮም የተለበጡትን ክፍሎች ብቻ በአንድ የ20 ሊትር ጀሪካን በጥንቃቄ ማጠብ ይቻላል። ግማሹ አስቀድሞ ለማፍሰስ፥ ጥቂቱ ለሳሙና፥ የቀረው ለመለቅለቅ ይበቃል። ከኹሉም የሚሻለው፥ መኪናው በመንገዱ ላይ ውሃ እንደ ልብ ወደሚገኝበት ከተማ በደረሰ ጊዜ ነጂው በዚያው አጥቦት እንዲመጣ አስቀድሞ ማዘዝና የማጠቢያውን ዋጋ ከጕዞው ወጪ ጋር መስጠት ነው።

ከታጠበም በኋላ ማቆሚያው ነፋስ የሚያገኝ ጥላ ይኹን። እርጥብ መኪና በሸራ ሸፍኖ ማቆም ልማድ ኾኖ ይታያል፤ ሸራው ግን እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዝ ከመጠበቅ ይልቅ ይጐዳል።

5ኛ፤ ስለ ሰምና ስለ ቅባት

ታጥቦ የደረቀ ክሮም ጨው እንዳያርፍበት ስስ መጋረጃ ይፈልጋል። ለዚህ የሚሻለው ለመኪና ተብሎ የተሠራ ሰም ነው። በለስላሳ ጨርቅ በስሱ ይቀባል፤ ጥቂት ይቈያል፤ ከዚያም በሌላ ደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። ወደ ወደብ ዘወትር ለሚመላለስ መኪና በየወሩ፥ አልፎ አልፎ ለሚሄድ ግን ከመሄዱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ መቀባት ይገባል። የመኪና ሰም ባልተገኘበት አገር ንጹሕ የንብ ሰም በአኳራጅ ቀልጦ በስሱ ቢቀባ ለጊዜው ያገለግላል። ነገር ግን አኳራጅ በእሳት ፈጥኖ የሚያያዝ ስለ ኾነ፥ እሳት በሌለበት ስፍራ እንዲሠራ ጥብቅ ትእዛዝ ይሰጥ።

የማይታየው የፓራውልት ጀርባ ብዙ ጊዜ ክሮም የሌለው ወይም በስሱ የተለበጠ ነው። እርሱን ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ዝገት የሚከላከል ቀለም ወይም ወፍራም ቅባት መቀባት ይገባል። ለብዙ ወራት ሳይሠራ የሚቆም መኪና ደግሞ ክሮሙ በቫዝሊን ተቀብቶ ቢቀመጥ መልካም ነው።

6ኛ፤ ስለ ትራክተርና ስለ ኮምባይነር ዘንጎች

ከወደብ የመጣ አዲስ መሣሪያ ርክክብ ሲደረግ፥ ተረካቢው ሞተሩን አስነሥቶ ድምፁን ከመስማቱ አስቀድሞ ዘንጎቹን ኹሉ አስወጥቶ በፀሐይ ብርሃን ይመልከት። በንጹሕ ጨርቅ አብሶ ጣቱን ቢያሳልፍባቸው፥ ዐይን ያላየውን ጕድጓድ ጣት ያገኘዋል። ይህ ሲደረግ ግን ሞተሩ መጥፋት፥ የተነሣውም ክፍል በጠንካራ ድጋፍ መያዝ አለበት። ጕድለት ቢገኝ ከመፈረም በፊት በርክክቡ ወረቀት ላይ ይጻፍ።

በሥራም ወራት መሣሪያው ሲቆም ማንሻው ወደ መሬት ወርዶ፥ የሚቻለው ዘንግ ኹሉ ወደ ማኅደሩ ገብቶ ይደር። በውስጥ ያለ ዘንግ በዘይት ውስጥ ስለ ኾነ ጨውም እርጥበትም አያገኘውም። ሊገባ የማይችለው ዘንግ ታብሶ ግራሶ ይቀባ፤ መሣሪያው እንደ ገና ሥራ ሲጀምር ግን አቧራ የያዘው ግራሶ አስቀድሞ ይጠረግ፤ ካልተጠረገ አቧራው እንደ ሞረድ ኾኖ የጎማውን ቀለበት ይበላል። ማዳበሪያ የተዘራበት መሣሪያም በዚያው ቀን ሊታጠብ ይገባል። ዘንጉን በፒንሳ መያዝ፥ በመዶሻ መምታት፥ በአጠገቡም ሳይሸፍኑ ብረት መበየድ ክልክል ይኹን።

7ኛ፤ ዝገት ከታየ በኋላ

ቀይ ነጥብ የታየ እንደ ኾነ አስቀድሞ የሚገባው መቸኰል ሳይኾን መለየት ነው። ክፍሉ ማግኔት የማይስበው ከኾነ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ወይም አልሙኒየም ነው፤ በእንዲህ ያለው ላይ ሽፋኑ ይላጣል እንጂ ቀይ ዝገት ከሥሩ አይወጣም። ማግኔት የሚስበው ብረት ከኾነ ግን የሚከተለው ይደረግ።

ነጥቧ ከላይ ብቻ ያለች እድፍ ከኾነች፥ ምግብ የሚጠቀለልበትን የአልሙኒየም ወረቀት ጨብጦ በውሃ ነክሮ በለስላሳ እጅ ማሸት ይበቃል። አልሙኒየም ከክሮም ይልቅ የላላ ስለ ኾነ ዝገቱን ያነሣል እንጂ ክሮሙን አይጭርም። ከዚያ በኋላ ታጥቦ፥ ደርቆ፥ ሰም ይቀባ። በአሸዋ፥ በዐመድ፥ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ግን ግማሽ ማይክሮን የማይሞላውን ክሮም ጠርጎ ማውጣት ነው። እንዲህ የተደረገበት መኪና ለአንድ ሳምንት ያምራል፤ በክረምቱ ግን ከፊተኛው ይልቅ ይዝጋል።

ሽፋኑ እንደ ውሃ ቋጠሮ ያበጠ ወይም የተላጠ እንደ ኾነ፥ ብረቱ ከሥሩ ተበልቷል ማለት ነው። ይህን ማሸት አያድነውም፤ ያለው መንገድ ክፍሉን መለወጥ ወይም እንደ ገና ማስለበጥ ነው። የተቦረቦረ የሃይድሮሊክ ዘንግም እንዲሁ ነው፤ ዘንጉን ትቶ የጎማውን ቀለበት ብቻ መለወጥ ያው ቀለበት እንደ ገና እንዲላጥ መፍቀድ ነው።

8ኛ፤ ስለ ማስለበጥና ስለ መርዙ

ክሮም የሚለበጥበት የጥንቱ አሠራር ባለ ስድስት እጅ ክሮም በተባለው ውሑድ የሚሠራ ነው። ይህ ውሑድ ብርቱ መርዝ ነው፤ ተኑን ዘወትር የሚስብ ሠራተኛ በሳንባ ካንሰር ሊያዝ እንደሚችል በምርምር ተረጋግጧል። የአውሮፓ ኅብረት በአውሮፓ አቆጣጠር ከመስከረም 2017 ወዲህ ያለ ልዩ ፈቃድ በርሱ መሥራትን ከልክሏል። በፈንታውም ባለ ሦስት እጅ ክሮም የተባለው፥ ጕዳቱ ያነሰው አሠራር ለጌጥ ሥራ እየተስፋፋ ሄዷል።

ስለዚህ በወረዳው ውስጥ ማዕድን የሚለብጥ ቤት ቢኖር፥ ሹሙ ኹለት ነገር ሊመረምር ይገባዋል። አንዱ፥ ሠራተኞቹ ተኑን የሚያወጣ መሳቢያ፥ ጓንትና የአፍንጫ መከላከያ ያላቸው መኾኑን ነው። ኹለተኛው፥ የሥራው ፍሳሽ ሳይጣራ ወደ ወንዝ የማይለቀቅ መኾኑን ነው። ወደ ቢጫ የሚያደላ የፍሳሽ ውሃ ከብት ወደሚጠጣበት ወይም አትክልት ወደሚጠጣበት ቦይ ቢገባ፥ ለአንድ ፓራውልት ብልጭታ ሲባል የብዙ ሰው ጤና ይጠፋል። ዝገትን አስቀድሞ መከላከል የሚያስፈልገው ገንዘብን ለማዳን ብቻ ሳይኾን፥ ይህን መርዝ የሚጠይቀው ሥራ እንዲያንስም ጭምር ነው።

9ኛ፤ ከሹማምንትና ከባለ እርሻዎች የሚፈለገው ተግባር

እስካሁን የተባለው ኹሉ ውድ መሣሪያ ወይም ከፍ ያለ ዕውቀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ውሃ፥ ሳሙና፥ ጨርቅ፥ ጥቂት ሰምና አንድ ተጠያቂ ሰው ነው። ከነዚህም ብዙ ጊዜ የሚታጣው የመጨረሻው ነው። ነጂው የረዳቱ ሥራ ይመስለዋል፤ ረዳቱ የጋራዡ ሥራ ይመስለዋል፤ መካኒኩም ሞተር እንጂ ፓራውልት አይመለከተኝም ይላል። የኹሉም የኾነ ሥራ የማንም ሳይኾን ይቀራል።

ስለዚህ መኪናና የእርሻ መሣሪያ ባለበት መሥሪያ ቤትና እርሻ ኹሉ አንድ መዝገብ ይከፈት። በመዝገቡም የመኪናው ቍጥር፥ ከወደብ ወይም ከጨው አገር የተመለሰበት ቀን፥ የታጠበበት ቀን፥ ያጠበው ሰው ስምና የታየው ነጥብ ቢኖር ቦታው ይጻፍ። መኪናው መታጠቡ በመዝገቡ ሳይረጋገጥ ለሌላ ጕዞ ነዳጅ አይሰጠው። ሹሙም በወር አንድ ጊዜ ራሱ ወርዶ፥ ፊቱን ሳይኾን የፓራውልቱን ጀርባ ይመልከት፤ ሰው የአለቃውን ዐይን የሚያርፍበትን ቦታ ያጸዳልና።

መኪና ወይም ትራክተር አሮጌውን የሚገዛም ሰው እንዲሁ ያድርግ። ከባሕር ዳር አገር የመጣ መኪና ፊቱ ተወልውሎ ለገበያ ይቀርባል፤ ገዢው ግን እጁን ወደ ፓራውልቱ ጀርባ ሰድዶ ይዳስስ፤ የብሎኖቹን ራስ ይመልከት፤ የዘንጎቹን ፊት በጣቱ ይፈትን። ጀርባው ተቦርቡሮ የተገኘ እንደ ኾነ፥ ከሥር የማይታየው የመኪናው አካልም እንዲሁ እንደ ኾነ ሊጠረጥር ይገባዋል።

የዝገት ጠባይ ዝግተኛ መኾኑ ሰውን ያዘናጋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፥ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ነጥብ፥ በኹለተኛው እፍኝ የምታኽል እድፍ፥ በሦስተኛው የተበላ ብረት ይኾናል። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጀሪካን ውሃ ሊወገድ የሚችለው ነገር፥ ቆይቶ በብዙ ገንዘብም የማይመለስ ይኾናል። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ ከባሕር የተመለሰው መኪና ጨውን ይዞ ወደ ደጅ እንዳይገባ፥ የመጣበትም ቀን ሳይመሽ ታጥቦ፥ ደርቆና ተቀብቶ እንዲያድር ማድረግ ንብረት የተሰጠው ሹምና ባለ እርሻ ኹሉ ሊፈጽመው የሚገባ ተግባር ነው።